ወረፋው ያለው በመስኮቶቹ መሃል ነው

ነርስ ነኝ። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የጥራት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራዬ አንዱ የአስተያየት ሣጥኑን ከፍቶ የተጻፈውን ማንበብ ነው። መጻፍ የማይችሉት በቃል ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ስለ ሕክምናው ራሱ የሚያማርር ብዙ አይደለም። «ሐኪሙ ደህና ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው» ይላሉ። ከዚያ ቀጥሎ ግን ሁሌም አንድ ነገር ይመጣል፦ «ስንጉላላ ዋልን።»

ይህን ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው የማገኘው መልስ «ሰው ስለበዛ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሰው በዝቷል። በአገራችን የጤና ተቋማት አደረጃጀት አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ሐኪሞቻችን ደግሞ ስንት እንደሆኑ እናውቃለን። ቢሆንም ይህ መልስ ጨዋታውን እዚያው ይዘጋዋል። የሰውን ብዛት መቀነስ አንችልም፣ ሐኪም መቅጠርም በእጃችን አይደለም። እንግዲያስ ምንም የሚደረግ ነገር የለም ማለት ነው? እኔ አለ እላለሁ። ይህን እንድል ያደረገኝ የታካሚ ጉዞ ካርታ የሚባለው ሥራ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድን ታካሚ ከቤቱ ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ ቤቱ እስኪመለስ መከተል ነው። የት ቆመ፣ የት ተቀመጠ፣ ማንን አናገረ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን መልስ አገኘ፣ ሰዓቱ ስንት ነበር። ሁሉም ይጻፋል። ከዚያ በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ይዘረጋና በየክፍሉ የሚሠሩት ሰዎች አብረው እንዲያዩት ይደረጋል። ሐሳቡ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ሲያትል ያለው የቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል ኃላፊዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የቶዮታን አሠራር ለማየት ጃፓን ድረስ ሄደዋል። የሆስፒታላቸውን ፕላን ዘርግተው የካንሰር ታካሚ የሚጓዝበትን መንገድ በሰማያዊ ክር አስይዘው ተከትለውታል። ክሩ ፕላኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ተጠላለፈ። አቅም ያጣ ሰው ያን ሁሉ ይጓዝ እንደነበር ያዩት ያኔ ነው።

እኛ ክር አልዘረጋንም። የፍሊፕ ቻርት ወረቀቶች በፕላስተር አያያዝንና ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸው። ማርከር ያዝን። ከዚያ ሰው መከተል ጀመርን።

አንዲት ልጅና እናቷን ላንሳ። ከጮቄ ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። እናትየው ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ የቀጠሯቸው ቀን ነበር። ልጅቷ የነገረችኝ እንዲህ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። በባትሪ መንገዱን እያዩ መኪና እስከሚያልፍበት ድረስ በእግር ወረዱ። ከዚያ አይሱዙ አገኙ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ከጠዋቱ 2፡15 ነው። ካርዳቸው ወጥቶ ክትትል ክፍሉ በር ላይ ሲቀመጡ 3 ሰዓት አልፏል። ሐኪም ዘንድ የገቡት 4፡20 ነው። ግፊታቸው ተለካ፣ የደም ምርመራ ታዘዘ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ማህተም ለማስደረግ ወደ ጤና መድህን መስኮት ሄደች፣ ከዚያ ወደ ላብራቶሪ። ደም የተሰጠው 5 ሰዓት ላይ ነው። «ውጤት ከምሳ በኋላ» ተባሉ። ከምሳ በኋላ ውጤቱን ይዘው እንደገና ሐኪሙ በር ላይ ተቀመጡ። 8፡30 ላይ ገቡ። መድኃኒት ይዘው ከፋርማሲ ሲወጡ 9፡15።

እናትየው ሆስፒታሉ ውስጥ የቆዩት 7 ሰዓት ነው። ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው «6 ሰዓት ተኩሉ ሐኪም ሲጠበቅ ያለፈ ነው» ይላል። ወረቀቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። ሐኪሙን የጠበቁት ከፊሉን ነው። የቀረው በመስኮትና በመስኮት መሃል የጠፋ ነው። ካርድ ከካርድ ክፍል ወደ ክትትል ክፍል እስኪሄድ፣ ማህተም እስኪመታ፣ ናሙናው ከሌሎች ጋር ተጠራቅሞ እስኪሠራ፣ ውጤቱ ተጽፎ እስኪወጣ። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ሲታይ ሥራውን ሠርቷል። የካርድ ክፍሏ ልጅ አላረፈችም፣ የላብራቶሪው ባለሙያም ቀና አላለም። በመሃል ያለው ቦታ ግን የማንም አይደለም። ስለዚህ ማንም አያየውም፣ በሪፖርትም አይገባም።

አንድ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። እናትየው ለምርመራው ብለው ከእራት በኋላ ምንም አልቀመሱም። ልጅቷ ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ደም ከተሰጠ ቆይቷል፣ ሰዓቱ ወደ 7 እየሄደ ነው። ዳቦው ግን እንደተቋጠረ ነው። ጠጋ ስል ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ሲስተር፣ አሁን ትብላ ይሆን?» አለችኝ።

የስኳር ታማሚ ናቸው። ደሙ ከተቀዳ በኋላ መብላት ይችሉ ነበር። ይህን የነገራቸው ሰው የለም። ውጤት እስኪመጣ ድረስ መጾም ያለባቸው መስሏቸዋል። «እማማ፣ ይብሉ፣ ይብሉ እንጂ» አልኳቸው። ልጅቷ ቋጠሮውን ስትፈታ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እናትየው ላይ የሆነ ነገር ደርሶ ቢሆን ኖሮ መዝገባችን ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ ነበር? በረሃብ ተብሎ አይጻፍም። ያን ቀን ወረቀቱ ላይ በቀይ ማርከር የጻፍነው ይህን ነው፦ «ደም ሲቀዳ፦ አሁን ብሉ ማለት።» ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰው መቅጠር አያስፈልግም። አሁን ደም የሚቀዳው ባለሙያ ጥጡን ሲያስይዛቸው አብሮ ይናገራል።

የሁለቱ ቀን ግን እዚያ አላለቀም። ወደነሱ አቅጣጫ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ከመናኸሪያ የወጣው 9 ሰዓት ላይ ነው። አመለጣቸው። ከተማ ዘመድ ስላላቸው እዚያ አደሩ። ዘመድ የሌለው አልጋ ይይዛል፣ የአልጋ ገንዘብ የሌለው ደግሞ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። እቤት ከብት የሚያስገባ፣ ለልጆች እራት የሚያቀርብ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ካርታው ካስተማረኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። እኛ ወረፋን የምንለካው በደቂቃ ነው። ከገጠር ለመጣ ሰው ግን ደቂቃው ሁሉ እኩል አይደለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይደል፣ ጨዋታ ይዞ ይቀመጣል። 8፡50 ላይ ያለችው 15 ደቂቃ ግን አንድ ሌሊት ታስከፍላለች። ስለዚህ ካርታችን ላይ የመናኸሪያውን መስመር ጨምረናል። የየአቅጣጫው የመጨረሻ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ የጥበቃ ሠራተኞቻችን አንድ በአንድ ያውቁታል። ያስጻፉን እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ሲሰጥ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ «ከየት ነው የምትመጡት?» ከሩቅ የሚመጣው የጠዋቱን፣ የከተማው ሰው የከሰዓቱን ይወስዳል። ቀድሞ ሁሉም «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ነበር የሚቀጠረው። ሁሉም 2 ሰዓት ከመጣ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ የሠራነው እኛው ራሳችን ነን።

ሌላም አለ። ሰው የሚበዛበት ቀን በዘፈቀደ አይደለም። ገበሬው ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ በዓለ ወልድን አያርስም። እንግዲህ ወሩ በገባ በ12፣ በ21፣ በ29 ምን ያደርጋል? ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ከዚያ የቆየ ሕመሙን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው፣ መኪና ስለሚገኝ። ይህን ማንኛዋም የካርድ ክፍል ሠራተኛ ታውቃለች። የሥራ ፈረቃ ሲወጣ ግን ማንም አይጠይቃትም። የሳምንቱን ቀን ብቻ እያየ የሚወጣ ፕሮግራም የበዓሉን ካሌንደር ካላየ ጎጃም ውስጥ ግማሹን ነገር አላየም ማለት ነው።

አሁን ስለ አስታማሚው ልናገር። በፈረንጅ አገር የተጻፉ የጉዞ ካርታዎችን ሳይ ታካሚው ብቻውን ነው። ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይከፍላል። እኛ ዘንድ ታካሚው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይም ይተኛል፤ የሚሄደው አስታማሚው ነው። ወረቀት የሚይዘው፣ ማህተም የሚያስመታው፣ ደም በጠርሙስ ይዞ የሚሮጠው፣ ገንዘብ ጎድሎ ዘመድ ጋ ስልክ የሚደውለው እሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደን ጣልነውና ሁለት መስመር ያለው ሌላ ሠራን። ከላይ የታካሚው፣ ከታች የአስታማሚው።

ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ስታዩ አንድ አሳዛኝ ነገር ይታያል። ስም የሚጠራው አስታማሚው ሌላ መስኮት ላይ በቆመበት ሰዓት ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ ትጣራለች። አባት ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ አይሰሙም። ወይም ሰምተው ብቻቸውን መነሳት አይችሉም። ሁለቴ ትጣራለች፣ ሌላ ስም ትጠራለች። ልጁ ሮጦ ሲመለስ ተራው አልፏል። «አሁን እኮ እዚህ ነበርን፣ ማህተም ላስመታ ሄጄ ነው» ይላል። ነርሷም እውነቷን ነው፣ ልጁም እውነቱን ነው። መፍትሄው ቀላል ነበር። ተራው ያለፈው ሰው ወደ መጨረሻ መመለሱ ቀረና፣ ከውስጥ ያለው ሰው ሲወጣ ወዲያው እንዲገባ ተደረገ። ደግሞም ነርሷ ስም ስትጠራ አብራ «የሚቀጥሉት ሦስቱ እነ እገሌ ናቸው» ትላለች። ሦስቱ ይዘጋጃሉ፣ አስታማሚዎቻቸውም አይርቁም። በወረፋው ላይ የነበረው ጭቅጭቅ በጣም ቀነሰ።

ወደ ላብራቶሪው ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ቋጠሮ እዚያ ነው ያለው። ላብራቶሪው ጠዋት ሲከፈት ሰው የለም። 5 ሰዓት ላይ ደግሞ መተንፈሻ ያጣል። ለምን? ምርመራ የሚታዘዘው ሐኪሙ ካየ በኋላ ነው፣ ሐኪሙ የሚያየው ደግሞ ካርድ ከደረሰው በኋላ ነው። ለአዲስ ታካሚ ይህ ግድ ነው። ለክትትል ታካሚ ግን አይደለም። የስኳር ታማሚ በሚቀጥለው ቀጠሮው ምን እንደሚመረመር ሐኪሙ ዛሬውኑ ያውቃል። እንግዲያው ትእዛዙን ዛሬውኑ ጽፎ ቀጠሮ ካርዱ ላይ ቢያያይዝለት፣ ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ ከበር በቀጥታ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ደሙን ይሰጣል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ሐኪሙ ጋ ሲገባ ውጤቱን ይዞ ይገባል። ሐኪሙም አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አያስገባም። ሁለቴ መግባት ሲቀር የሐኪሙ በር ላይ ያለው ወረፋም ይሳሳል። ይህን ስናወራ አንድ ሐኪማችን «ታዲያ እስከዛሬ ለምን አላደረግነውም?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ሁሉም የሚያየው የራሱን በር ብቻ ስለነበረ ነው።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በሂሳብ ያረጋገጠው ሕግ አለ። በአንድ ቦታ በአማካይ ያለው ሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ሰው ቁጥር በእያንዳንዱ ሰው አማካይ ቆይታ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ወደ እኛ ኮሪደር ሲመጣ እንዲህ ነው። አግዳሚው ላይ 45 ሰው ካለና ክፍሉ በሰዓት 15 ሰው የሚያይ ከሆነ፣ ቆይታው ወደ 3 ሰዓት ነው። ሰዓት ይዞ አንድ በአንድ መከተል ሳያስፈልግ ራስ በመቁጠር ብቻ ይታወቃል። ሕጉ የሚገባውና የሚወጣው ሲመጣጠን ነው በትክክል የሚሠራው፣ ስለዚህ ጠዋት ሰው በአንዴ በሚጎርፍበት ሰዓት ግምት ነው የሚሆነው። ቢሆንም ለሚጠብቀው ሰው ግምትም ቢሆን ይበቃዋል። «ገና ነው» ከሚባል «እስከ 6 ሰዓት ድረስ ትገባላችሁ» ቢባል፣ ሄዶ ሻይ ይጠጣል፣ ዘመዱን ይጠይቃል። ሰውን የሚያደክመው ልቡ ተንጠልጥሎ መቀመጡ ነው።

ከማያውቁት ቆይታ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ በደል የሚመስለው ነው። ኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ሲገባ «ዘመድ ያለው ነው» ይባላል፣ ወዲያው። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ይህን መካድ አልችልም፣ መቆምም አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ትሪያጅ ነው፣ ሕመሙ የከፋበትን ለይቶ ማስቀደም ማለት ነው። ቀይ የተሰጠው ወዲያው ይገባል፣ ብርቱካናማው ይከተላል፣ አረንጓዴው ይቆያል። ይህን የምናውቀው እኛ ነን፣ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው አያውቅም። አንድ ቀን ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ቀድሞ ሲገባ ማጉረምረም ተጀመረ። ተረኛዋ ነርስ ወጥታ «እናቶች፣ አባቶች፣ ይህ ልጅ አየር አጥሮት ነው፣ እናንተም ብትሆኑ ታሳልፉት ነበር» አለች። አንድ አዛውንት «ይለፍ፣ ይለፍ፣ ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩን» አሉ። ሕዝባችን ሲነገረው ያሳልፋል። በቃሬዛ ሰው ተሸክሞ ኮረብታ የሚወርድ ሕዝብ ነው፣ ለታመመ ማዘን ማንም አያስተምረውም።

ጎጃም በዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። ኤፒቲኤስ የሚባለው የመድኃኒት አሰጣጥና ሂሳብ አያያዝ ሥርዓት መጀመሪያ የተሞከረው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፣ ከዚያ ነው ወደ ሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎች የተዛመተው። ዋና ዓላማው የመድኃኒት ሂሳብ ግልጽ እንዲሆን ነበር። ነገር ግን የማዘዣ ማየቱን፣ ክፍያውንና መድኃኒት መስጠቱን ጎን ለጎን ስላደረገው ዋጋ ለማስተመን አንድ ቦታ፣ ለመክፈል ሌላ ሕንፃ፣ ለመውሰድ ተመልሶ መሄድን የሚያስቀር ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። መድህኑ ገንዘብ ስለሌለው ቤቱ ይቀር የነበረውን ሰው ወደ ሕክምና አምጥቷል፣ ስለዚህ ሰው መብዛቱ በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው። የማህተም መስኮቱ ከካርድ ክፍሉ አጠገብ ይሁን ብለን የተሟገትነውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ጨርሶ የማይመጣ ወረፋ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጤናቸው የተረጋጋ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መውሰድ ችለዋል። ያን ያህል ጊዜ መመላለስ ቀረ። ግፊታቸው ለረጅም ጊዜ የተስተካከለ አዛውንት በየወሩ ከጮቄ ሥር ለምን ይወርዳሉ? መልሱ የመድኃኒት አቅርቦት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ጥያቄው ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይኑር ብያለሁ፣ ኃላፊዎች ኮሪደሩን ሲያልፉ ያንብቡት።

ቆይታ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። የእናቶች ማቆያን ተመልከቱ። መንገድ የሚርቃቸው እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው ይቆያሉ። ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ወሬ አለ። እዚያ ውስጥ መጠበቅ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ካርታ የማይፈታውንም ላንሳ። ለላብራቶሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ኬሚካል፣ ሪኤጀንት፣ ሲያልቅ ካርታ ሪኤጀንት አይሆንም። መብራት ሲጠፋና መንገድ ሲዘጋም ያው ነው። ደግሞም ኃላፊዎች ቢሯቸው ተቀምጠው የሚስሉት ካርታ ለምንም አይጠቅምም። እኛ ስንጀምር ያልጠራናቸው ሰዎች ነበሩ፦ የጥበቃ ሠራተኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ። ኋላ ሲመጡ ግን ከሁላችን በላይ ያወቁት እነሱ ሆኑ። «ላብራቶሪ በየት ነው?» ተብሎ ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው ማን ሆነና!

አሁን ግድግዳው ላይ ያለው አዲሱ ወረቀት የሪፈር ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ሰው እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ አዲስ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ እዚያ የተመረመረውን እዚህ ይደግማል። ጤና ጣቢያው አስቀድሞ ሪፈር ወደሚያስተባብረው ላይዘን ክፍላችን ቢደውል ካርዱ ወጥቶ ይጠብቀው ነበር። ወረቀቱን ከጤና ኬላ ነው የጀመርነው፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በራሷ እጅ ጽፋቸዋለች። በመሃል ባዶ የቀረው የአምቡላንሱ ክፍል ነው። ሹፌሩን ለሐሙስ ቀጥረነዋል።